በሴንት ፒተርስበርግ የግል አስጎብኚ እንዴት ይቀጠራል?

ወደ ሩሲያ ለመሄድ የተሰናዳ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የሚያዞረኝ ሰው ከየት ላግኝ? ስንትስ ይበቃዋል?» በየጊዜው በድምፅ መልእክት እየቆራረጥኩ ከምመልስ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ለዱባይ ወይም ለኢስታንቡል የለመዳችሁት አካሄድ እዚህ አይሠራም። ከሩሲያ ውጭ የተሰጡ የቪዛና የማስተርካርድ ካርዶች ከእ.ኤ.አ. ማርች 2022 ወዲህ በሀገሩ ውስጥ አያገለግሉም። የሞባይል ኢንተርኔት ሳይታሰብ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አስጎብኚነትም ፈተና ተፈትነው፣ ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩት ሙያ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ነገር አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መጨረስ አለባችሁ። እዚያ ከደረሱ በኋላ መንገድ ላይ አስጎብኚ መፈለግ ገንዘብም ጊዜም ያስበላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት፣ ድንበር ላይ የሚሰጣችሁ የፍልሰት ካርድ፣ የሁለቱም ቅጂ
- ጥሬ ገንዘብ፣ በዶላር ወይም በዩሮ። ኖቶቹ አዲስ፣ ያልተቀደዱና ያልተጻፈባቸው ይሁኑ። ብር እዚያ የሚመነዝርላችሁ የለም።
- ስልካችሁ ላይ አስቀድሞ የወረደ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የከተማዋ ካርታና የሩሲያኛ መተርጎሚያ
- ከአስጎብኚው ጋር የምትጻጻፉበት መተግበሪያ፤ የትኛው እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ፌስቡክና ኢንስታግራም በሩሲያ ተዘግተዋል፤ ዋትስአፕና ቴሌግራምም ገደብ ስላለባቸው አትመኩባቸው።
- በሩሲያኛ ፊደል የታተመ የሆቴላችሁ አድራሻ፣ የአስጎብኚያችሁ ስምና ስልክ ያለበት ወረቀት
- ከአስጎብኚው ጋር የተስማማችሁበት መልእክት የታተመ ቅጂ
- ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ ወይም ሻሽ
- የለመዳችሁት፣ እግር የማይልጥ ጫማ

1. ለየትኛው ቀን አስጎብኚ እንደምትፈልጉ ለዩ

ለሁሉም ቀን አስጎብኚ መያዝ አያስፈልግም። ኔቭስኪ ጎዳና ቀጥ ያለ ነው፤ የካዛን ካቴድራልን፣ የደም መፍሰሻ ቤተ ክርስቲያንንና የቤተ መንግሥቱን አደባባይ በካርታ ብቻ በእግራችሁ ታገኟቸዋላችሁ። አስጎብኚ የሚያዋጣው ለሦስት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው ሄርሚታዥ ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ዕቃ ያለው ሙዚየም ስለሆነ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ካልመራችሁ የሬምብራንትን «የጠፋው ልጅ መመለስ» የተባለ ሥዕል ሳታዩ፣ እግራችሁ ዝሎ ትወጣላችሁ። ሁለተኛው ከከተማ ውጭ ያሉት ቤተ መንግሥቶች ናቸው፦ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በምዕራብ የሚገኘው ፒተርሆፍና በደቡብ፣ ዛሬ ፑሽኪን በምትባለው ከተማ ያለው ፃርስኮዬ ሴሎ። እዚያ ትራንስፖርቱም፣ ሰልፉም፣ የመግቢያ ሰዓቱም ያደክማል።

ሦስተኛው እኛን በተለይ የሚመለከት ነው። የሩሲያው ገጣሚ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት የሆነውን፣ የአፍሪካ ተወላጅ የነበረውን የአብራም ሃኒባልን ፈለግ መከተል የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። የተለመደው የከተማ ጉብኝት ግን ሃኒባልን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1837 ያረፈበት ሞይካ ወንዝ ዳር ቁጥር 12 ያለው ቤት፣ ሃኒባል በ1781 የሞተበትና የተቀበረበት ሱይዳ የተባለው ርስቱ (በስተደቡብ፣ ጋችና አካባቢ)፣ እንዲሁም ገጣሚው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 ከሐረርና ከአካባቢው ያመጣቸው ዕቃዎች የገቡበት ኩንስትካሜራ ሙዚየም በአንድ መርሐ ግብር አይሸጡም። ይህን የሚያዘጋጅላችሁ አስቀድማችሁ የነገራችሁት የግል አስጎብኚ ብቻ ነው። ለመዘጋጀትም ጊዜ ስለሚፈልግ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት።

2. ቀኑን ከመዝጊያ ቀናት ጋር አስተያዩ

ሙዚየሞቹ በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋሉ፤ የሚዘጉበት ቀን ግን ይለያያል። ሄርሚታዥ፣ ኩንስትካሜራና የፒተርሆፍ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሰኞ ይዘጋሉ። የሩሲያ ሙዚየም፣ የፑሽኪን ቤትና በፃርስኮዬ ሴሎ የሚገኘው የካትሪን ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ይዘጋሉ። ከዚህ በተጨማሪ በወር አንድ ቀን ለጽዳት፣ አንዳንዴም ለረጅም እድሳት የሚዘጉ አሉ። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት አስጎብኚውን «በዚህ ቀን ክፍት መሆኑን ከሙዚየሙ አረጋግጥልኝ» በሉት። ይህ ለእሱ የአንድ ስልክ ሥራ ነው፤ ለእናንተ ግን አንድ የዕረፍት ቀን ከመባከን ያድናል።

ወቅቱንም አስቡ። የፒተርሆፍ ፏፏቴዎች የሚሠሩት ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው (ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ሌሊቱ የማይጨልምበት «ነጭ ሌሊት» ስለሆነ ከተማዋ በጎብኚ ትሞላለች፤ ጥሩ አስጎብኚዎች ቀድመው ይያዛሉ። በታኅሣሥ ደግሞ የቀን ብርሃኑ ወደ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። በቅዝቃዜው ወቅት የምትሄዱ ከሆነ የእግር ጉዞውን ከሁለት ሰዓት አታሳልፉት፤ የቀረውን ቤት ውስጥ በሚታይ ነገር ሙሉት። ከጥር 1 እስከ 8 እና በግንቦት መጀመሪያ ሩሲያውያን ራሳቸው ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ሰውም ዋጋም ይጨምራል።

3. የምትነጋገሩበትን ቋንቋ ወስኑ

አማርኛ የሚችል ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። አማርኛ የሚናገሩ ሩሲያውያን አሉ፤ በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ጥናት ፋኩልቲ አማርኛ ለረጅም ዘመን ሲሰጥ ኖሯል። የተማሩት ሁሉ ግን አስጎብኚ አይሆኑም። እዚያ የሚማሩ የኢትዮጵያ ልጆችም ደግ ናቸው፤ ወንድም ጋሼ፣ እቴ እያሉ ከተማውን ያዞሯችኋል። ነገር ግን ሙዚየም ውስጥ ቆመው ገለጻ ሲሰጡ የአዳራሹ ጠባቂ ሊያስቆማቸው ይችላል፤ በክፍያ ከሠሩም ሕግ ይጥሳሉ። ተማሪውን ለእንዲህ ዓይነት ችግር አትዳርጉት።

የሚሠራው መንገድ ይኸው፦ ፈቃድ ያለው የእንግሊዝኛ አስጎብኚ ቅጠሩ፤ ከመካከላችሁ እንግሊዝኛ የሚችለው ለእናት ለአባት ያስተርጉም። ይህን ለአስጎብኚው ቀድማችሁ ንገሩት። ካልነገራችሁት አሥር ደቂቃ ሳያቋርጥ ያወራል፤ አስተርጓሚያችሁም ግማሹን ይረሳዋል። ካወቀ ግን በየሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሩ እያረፈ ይናገራል። ማስተርጎም ጊዜውን ስለሚያረዝመው የምታዩትን ክፍል ቁጥር በዚያው ልክ ቀንሱ።

4. የት ይፈለጋል?

ኤርቢኤንቢና ቡኪንግ ዶት ኮም በሩሲያ አገልግሎት ስላቆሙ እነሱ ላይ ጊዜ አታጥፉ። የሀገሬው ሰው የሚጠቀምባቸው እንደ ትሪፕስተርና ስፑትኒክ ያሉ የሩሲያ ድረ ገጾች አስጎብኚዎችን በፎቶ፣ በዋጋና በጎብኚዎች አስተያየት ይዘረዝራሉ። ሌላው መንገድ የያዛችሁትን ሆቴል መጠየቅ ነው፤ ሆቴሉ ኮሚሽን ሊጨምርበት እንደሚችል ግን እወቁ። ከሁሉም የምመርጠው ግን ቀደም ብሎ የሄደ ዘመድ ወይም ጓደኛ በስም የሚያመጣላችሁን ሰው ነው፤ ምክንያቱም የተባለው ሰው ሰዓት ማክበሩንና ልጅ መታገሡን የሚያውቀው አብሮት የዋለ ሰው ነው።

የጎብኚዎችን አስተያየት ስታነቡ ኮከቡን ሳይሆን ጽሑፉን ተመልከቱ። «በጣም ጥሩ ነበር» የሚል ብዙም አይጠቅማችሁም። «እናቴ ስትደክም መንገዱን አሳጠረልን» የሚል ግን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይነግራችኋል። ሦስት ሰው መርጣችሁ ለሦስቱም ተመሳሳይ መልእክት ላኩ።

5. ፈቃዱን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። በሩሲያ ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት አስጎብኚ ተፈትኖ የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት አለበት፤ ሕጉ በመሠረቱ ለሩሲያ ዜጎች ነው የሚፈቅደው። ፈቃድ ያገኘ ሰው ስሙ በመንግሥት ይፋዊ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ በሥራ ላይም ስምና ፎቶ ያለበትን መታወቂያ ደረቱ ላይ ያደርጋል። ሦስት ነገር ጠይቁ፦

ሀ) «ሙሉ ስምህን በሩሲያ ፊደልና የመዝገብ ቁጥርህን ላክልኝ።» እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይከፋም፤ የሚላከው ዝግጁ ሆኖ ያስቀመጠው ነገር ነው። ስሙን ገልብጣችሁ መዝገቡ ላይ ፈልጉ።

ለ) «ፈቃድህ በየትኛው ቋንቋ ነው?» በሩሲያኛ ብቻ የሚያስጎበኝና በውጭ ቋንቋ የሚያስጎበኝ አስጎብኚ ይለያያሉ። ለእናንተ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ሐ) «በምንሄድበት ሙዚየም ውስጥ ራስህ ማስረዳት ትችላለህ?» ሄርሚታዥ፣ ፒተርሆፍና ፃርስኮዬ ሴሎ አስጎብኚን የሚቀበሉበት የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ከተማውን ለማሳየት የተፈቀደለት ሰው እዚህ ሁሉ ገብቶ መናገር ይችላል ማለት አይደለም። «በር ላይ እጠብቃችኋለሁ፣ ውስጥ ራሳችሁ ዙሩ» የሚል መልስ ካገኛችሁ፣ ለሙዚየም ቀን ሌላ ሰው ፈልጉ። የምትከፍሉት ውስጥ ላለው ገለጻ ነውና።

6. ዋጋውን ዘርዝሮ አስነግሩት

የግል ጉብኝት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በሰው ቁጥር ሳይሆን በቡድን ነው፤ ለሁለት ሰውም ለአራት ሰውም ያው ሊሆን ይችላል። «ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሚነገራችሁ የአስጎብኚው ድካም ዋጋ ብቻ ነው፤ የቀረው መንገድ ላይ ይጨመራል። እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቁ፦ የአስጎብኚው ክፍያ ለስንት ሰዓት ነው? ሰዓት ቢያልፍ በሰዓት ስንት ይጨመራል? የእናንተ መግቢያ ትኬት ተካቷል? የአስጎብኚውስ ትኬት? መኪና አለ? ካለስ ነዳጅ፣ ማቆሚያና ሹፌር ተካተዋል? ጀልባስ? ዋጋው በሩብል ነው ወይስ በዶላር? በዶላር ከሆነ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ይታሰባል?

ሦስቱ የላኩላችሁን መልስ ጎን ለጎን አስቀምጡና ድምሩን አወዳድሩ። ርካሽ የመሰለው ትኬትና መኪና ሲጨመርበት ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። ቁርጥ ዋጋ ከተባለ በኋላ በቦታው መከራከር አያምርም፤ ጥያቄያችሁን ሁሉ አሁን ጨርሱ። ዋጋ ማስቀነስ ከፈለጋችሁ ሰዓቱን ወይም የምታዩትን ቦታ ቀንሱ፤ ሩሲያ ውስጥ እንደ መርካቶ ጥሩ ተደራዳሪ መሆን አያስኬድም፤ ብዙ አስጎብኚዎች ድርድሩን እንደ ንቀት ያዩታል።

7. ትኬት ማን እንደሚገዛ ተስማሙ

ትልልቆቹ ሙዚየሞች ትኬት የሚሸጡት የመግቢያ ሰዓት ለይተው ነው፤ በሙቀቱ ወቅት የካትሪን ቤተ መንግሥት ትኬት ቶሎ ያልቃል። በኦንላይን ለመግዛት ካርዳችሁ ስለማይሠራ፣ አስጎብኚው በራሱ ካርድ ገዝቶ እናንተ በጥሬ ገንዘብ መተካቱ የተለመደ ነው። ሁለት ነገር አስታውሱ፦ ትኬቱን የገዛበትን ደረሰኝ እንዲያሳያችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ትኬቱ በስም ከሆነ ስማችሁ ልክ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። የአባት ስም ከአያት ስም ተቀይሮ ከተጻፈ በር ላይ ጣጣ ያመጣል። ልጅና ተማሪ ካላችሁ ቅናሽ መኖሩን ይጠይቅላችሁ፤ ማስረጃውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ሄርሚታዥን ስታስይዙ ሕንጻውን በስም ጥቀሱ። የክረምቱ ቤተ መንግሥት ያለበት ዋናው ሕንጻና ከአደባባዩ ማዶ ያለው የጠቅላይ ኤታማዦር ሕንጻ ለየብቻ ናቸው። የሊዮናርዶ ሥዕሎችና የወርቅ ፒኮክ ሰዓቱ ያሉት በዋናው ነው፤ የማቲስና የሌሎች ዘመናዊ ሠዓሊዎች ሥራዎች ያሉት ማዶ ነው።

8. ስምምነቱን በአንድ መልእክት ጠቅልሉት

ወሬው በሃያ መልእክት ተበታትኖ ከቀረ ሁለታችሁም የተለያየ ነገር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ መልእክት ጽፋችሁ «በዚህ ተስማምተናል?» በሉትና «አዎ» የሚለውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ይህን ናሙና በምትነጋገሩበት ቋንቋ መልሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ 18.06.2026 አራት ሰዎች ነን፦ ሁለት ጎልማሶች፣ ደረጃ መውጣት የሚያስቸግራቸው የ70 ዓመት እናታችንና የ9 ዓመት ልጅ። በ10:30 በቤተ መንግሥቱ አደባባይ በአሌክሳንደር ዓምድ ሥር እንገናኛለን። ሄርሚታዥ ዋናው ሕንጻ፣ ሦስት ሰዓት፣ ውስጥ ራስህ ታስረዳለህ። ከዚያ በእግር ሞይካ 12። በ16:00 እንጨርሳለን። ክፍያህ በጠቅላላ ይህን ያህል ሩብል፣ በጥሬ ገንዘብ፣ መጨረሻ ላይ። ትኬቱን አንተ ትገዛለህ፤ በደረሰኝ እንተካለን። ከ48 ሰዓት በፊት ከሰረዝን ቀብዱ ይመለሳል። ዕለቱ የጾም ቀን ስለሆነ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምሳ ያለበት ቦታ ምረጥልን።»

ስለ ጾሙ ማንሳት አያሳፍርም። ሩሲያውያን ራሳቸው ጾም ያውቃሉ፤ «ፖስትኖዬ» ብትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። ነገር ግን ዓሣና ማር የሚገባበት የጾም ምግብ ስላለ የማትበሉትን ለይታችሁ ተናገሩ።

ሰዓቱን በተመለከተ ልብ በሉ። አዲስ አበባና ሴንት ፒተርስበርግ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ሰዓት የምንቆጥርበት መንገድ ግን በስድስት ሰዓት ይለያያል። «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ያላችሁት ለእነሱ ሌሊት ነው። ሁልጊዜ 10:00፣ 16:30 እያላችሁ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ቀኑንም በፈረንጆች አቆጣጠር ጻፉ። የሳምንቱን ቀን ስም መጨመር ስህተቱን ቶሎ ያጋልጣል።

9. ቀብዱን ትንሽ አድርጉ

በሩሲያ ድረ ገጾች ላይ ከፊሉ ቀብድ ተከፍሎ የቀረው ለአስጎብኚው በእጁ ይሰጣል። ካርዳችሁ ስለማይሠራ ቀብዱን የሚከፍልላችሁ እዚያ የሚኖር ዘመድ ያስፈልጋችሁ ይሆናል። ከሌለ፣ ብዙ አስጎብኚዎች ያለ ቀብድ ይቀበላሉ፤ በምትኩ ከአንድ ቀን በፊት መልእክት ልካችሁ መምጣታችሁን እንድታረጋግጡ ይጠይቃሉ። ያንን መልእክት አትርሱ፤ ካልላካችሁ ቀኑን ለሌላ ሊሰጠው ይችላል። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሞ በሐዋላ ላኩ የሚላችሁን ሰው ተዉት።

ሩብሉን ከባንክ መንዝሩ። ለአስጎብኚው የሚከፈለውን ከሌላው ለይታችሁ በፖስታ አድርጉት፤ ዝርዝር ኖትም ይኑራችሁ።

10. የመገናኛ ቦታውን እስከ በሩ ድረስ ወስኑ

«ኔቭስኪ ፕሮስፔክት ሜትሮ ጋር» በቂ አይደለም። ጣቢያው አንዱ ወደ ግሪቦዬዶቭ ቦይ፣ ሌላው ወደ ሚኻይሎቭስካያ ጎዳና የሚያወጡ ሁለት መውጫዎች አሉት፤ ሁለታችሁም በሰዓቱ ደርሳችሁ በየመውጫችሁ ቆማችሁ ትጠባበቃላችሁ። ኢንተርኔት ባይኖር መደዋወልም ያስቸግራል። አዲስ ለመጣ የውጭ ዜጋ ሲም ካርድ ማውጣት ቀላል ስላልሆነ፣ «እዚያ ስደርስ እደውላለሁ» በሚል አትመኩ።

የማያሳስት ቦታ ምረጡ፦ የአሌክሳንደር ዓምድ (47.5 ሜትር ስለሆነ ከአደባባዩ ከየትም ይታያል)፣ ወይም ከካዛን ካቴድራል ፊት ለፊት ያለው፣ አናቱ ላይ የብርጭቆ ሉል ያለበት የመጻሕፍት ቤት። ሁሉንም የሚበልጠው ግን የሆቴላችሁ እንግዳ መቀበያ ነው፤ በተለይ አረጋውያን ካሉ። «30 ደቂቃ እንጠባበቃለን፣ ካልተገናኘን ወደ ሆቴሉ እንመለሳለን» ብላችሁ ተስማሙ።

11. በዕለቱ

ስትገናኙ መታወቂያውን ተመልከቱ፤ ስሙ ከተመዘገበው ጋር አንድ ይሁን። ከዚያ የቀኑን ቅደም ተከተል፣ መጸዳጃና ዕረፍት የት እንዳለ፣ የምትጨርሱበትን ሰዓት ደግማችሁ ተነጋገሩ። የደከመው ሰው ሳይዝል ዕረፍት ጠይቁ። ሙዚየም ውስጥ ወንበር ያለበትን ክፍል አስጎብኚው ያውቃል።

የፑሽኪን ቤት ስትደርሱ የጽሕፈት ጠረጴዛውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። እዚያ ላይ የአፍሪካዊ ልጅ ምስል ያለበት የቀለም ዕቃ አለ፤ ናሽቾኪን የተባለው ጓደኛው የሰጠው ነው። ተጣድፎ የሚያልፍ ቡድን አያየውም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፣ ወንዶች ባርኔጣ ያወልቃሉ። ነጠላ በቂ ነው። ቅዳሴ ላይ ገለጻ ስለማይደረግ አስጎብኚው ደጅ ላይ አስረድቷችሁ ይግባ።

12. ሒሳብ መዝጋት

የትኬቱን ደረሰኝ አይታችሁ ተኩ፣ የተስማማችሁትን ክፍሉ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ደስ ካላችሁ ግን ለብቻው፣ በእጁ ስጡት። ከዚያም በድረ ገጹ ላይ አስተያየት ጻፉለት፦ ስንት ሰዎች እንደነበራችሁ፣ ለአረጋውያን እንዴት እንደነበረ፣ ማስተርጎሙን እንዴት እንደታገሠ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ፓስፖርታችሁን ለማንም አስጎብኚ በእጁ አትስጡ። ትኬት ለመግዛት ስምና ቁጥሩ ይበቃል። በየመንገዱ ፖሊስ ሰነድ ሊጠይቅ ስለሚችል ዋናውን ፓስፖርትና የፍልሰት ካርዱን ይዛችሁ ዙሩ።
- ጉብኝት ብሎ የቀረባችሁ ሰው ሥራ፣ የመኖሪያ ወረቀት ወይም «ጥሩ ኮንትራት» ካነሳ ነገሩን እዚያው አቁሙ። በማታነቡት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት በፍጹም አትፈርሙ። አፍሪካውያን ሳያውቁ ወደ ጦር ሜዳ የሚወስድ ውል የፈረሙበት አጋጣሚ አለ።
- ስለ ዩክሬኑ ጦርነት በአደባባይ ትችት መሰንዘር በሩሲያ ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። አስጎብኚውንም «አንተስ ምን ትላለህ?» ብላችሁ አታስጨንቁት።
- ወታደርና ወታደራዊ ተቋም ፎቶ አታንሱ፤ ድሮን ይዛችሁ አትሂዱ።
- ከሚያዝያ እስከ ኅዳር (በፈረንጆች) ባለው ጊዜ የኔቫ ወንዝ ድልድዮች መርከብ ለማሳለፍ ሌሊት ወደ ላይ ተነስተው ይከፈታሉ፤ ያኔ መሻገር አይቻልም። የሌሊት ጉብኝት ከያዛችሁ ሆቴላችሁ ከወንዙ በየትኛው ወገን እንዳለ ለአስጎብኚው ንገሩት፤ ካለዚያ ድልድዩ እስኪገጥም ማዶ ትቀራላችሁ።
- በቤተ መንግሥቱ አደባባይ የንጉሥና የንግሥት ልብስ ለብሰው አብረዋችሁ ፎቶ የሚነሱት ሰዎች ገንዘብ ይጠይቃሉ። ካልፈለጋችሁ ከመነሳታችሁ በፊት እንቢ በሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*በአንድ ቀን ሄርሚታዥንም ፒተርሆፍንም መያዝ።* ፒተርሆፍ ብቻውን ሙሉ ቀን ይፈልጋል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ከተማው ውስጥ ቆዩ።

*ሞስኮ የቀጠሩትን አስጎብኚ ሴንት ፒተርስበርግ ይዞ መሄድ።* በሳፕሳን ባቡር ወደ 4 ሰዓት የሚወስድ፣ ወደ 650 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሌላ ከተማ ነው። የእሱን ትኬትና አዳር ጨምራችሁ ከመክፈል እዚያው የሚኖር ሰው መቅጠር ይረክሳል፤ የበለጠም ያውቃል።

*ሹፌርን አስጎብኚ ማድረግ።* ታክሲ የነዳ ሰው መንገድ ያሳያል፤ ሙዚየም ገብቶ ማስረዳት ግን አይችልም። መኪና ብቻ ከፈለጋችሁ ያንዴክስ ጎ በተባለው የታክሲ መተግበሪያ ጥሩ፤ ክፍያውን «በጥሬ ገንዘብ» የሚለው ላይ አድርጉት።

*ስለ ሃኒባል በዕለቱ መጠየቅ።* ስለ ትውልድ ቦታው ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አንዳንዶች ወደ እኛ አካባቢ፣ ሌሎች ወደ ካሜሩን ይወስዱታል። ሳይዘጋጅ የተጠየቀ አስጎብኚ አንዱን ብቻ ነግሮ ያልፋል። ጥያቄያችሁን ከአንድ ሳምንት በፊት ጽፋችሁ ላኩለት፤ ሱይዳም መሄድ ከፈለጋችሁ ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ከመኪና ጋር አስይዙ።